ምዕራፍ 7፦ መቼ ነው የምትደክመው?

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አስፋልት ቡልቡላን ካለፈ በኋላ በሁለት ሐይቆች መካከል ይገባል፤ በስተቀኝ አብያታ፣ በስተግራ ላንጋኖ። ወደ ላንጋኖ ዳርቻ ከሚያስገቡት የአቧራ መንገዶች በአንደኛው መገንጠያ፣ ግራር ጥላ ሥር፣ ኮፈኗ ተከፍቶ የቆመች ነጭ ፒክአፕ አገኘሁ። ስምንት ኩንታል ሽንኩርት ጭናለች። ባለቤቷ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ምን እንደሚጠብቅ ስጠይቀው «ድካሟ እስኪወጣላት ነው» አለኝ።

«ስድስት ወር ሆናት» ብሎ ቀጠለ። «ስትነሳ ደህና ናት። ወደ አርሲ ነገሌ ዳገቱን ስትጀምር ግን ኃይል እንደቀነሰበት አምፖል ትፈዛለች። ብረግጥም ብለቅም ለውጥ የለውም። አሥር ደቂቃ ካቆምኳት ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች።» በእነዚያ ስድስት ወራት ሁለት ጋራዥ ገብታለች። የናፍጣ ፊልትሮዋ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ወጥተው ተፈትሸዋል። የናፍጣ ፖምፓው ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ታድሶ ተመልሷል፤ ለዚያ የከፈለው ገንዘብ ሁለት ወይፈን ይገዛ ነበር። የመጨረሻው መካኒክ ደግሞ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይውረድ» ብሎታል።

ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ ይህ የመጨረሻው ፍርድ ነው። ያረጀ ሞተር ጠዋትም ያረጀ ነው፣ ማታም ያረጀ ነው። ያለቀ የፒስቶን ቀለበት አሥር ደቂቃ ጥላ ሥር ስለቆመ አይታደስም። የተበላ ኖዝል አርፎ አይድንም። ድካሙ የሚመጣና የሚሄድ ሞተር፣ ድካሙ በሌለበት ሰዓት ጤነኛ መሆኑን በራሱ ሥራ ይመሰክራል። እንግዲህ የጎደለው ነገር ከሞተሩ ውጭ ነው፤ አንዳንዴ የሚደርሰው፣ አንዳንዴ የማይደርሰው ነገር ነው። እሱን ለማግኘት መፍቻ ከማንሳት በፊት ባለመኪናውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም አንድ ነው፤ መቼ ነው የምትደክመው?

ሰውዬው መጀመሪያ «በየጊዜው ነዋ» ነው ያለኝ። ሁሉም ባለመኪና እንዲህ ነው የሚጀምረው። ቀስ ብሎ ሲጠየቅ ግን የሚያውቀው ብዙ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ከችግሩ ጋር የዋለው እሱ እንጂ መካኒኩ አይደለም። ባዶዋን ስትሄድ አትደክምም። ሜዳ ላይ፣ ከመቂ እስከ ባቱ፣ ጭናም ቢሆን እምብዛም አትደክምም። ዳገት ላይ ተጭና ሲረገጥ ትደክማለች። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ይሻላታል። የምትዳከመው ቀስ በቀስ ነው እንጂ ቁልፍ እንደተዘጋባት ድርግም አትልም። «ስትደክም ጭሷ ምን ይመስላል?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ጭስ የላትም፤ እንዲያውም ያኔ ነው ንጹሕ የምትሆነው» አለኝ።

ምርመራው ከግማሽ በላይ እዚያ ድንጋይ ላይ አለቀ። እንዴት እንዳለቀ ለማሳየት ሞተሩ የሚበላውን እንመልከት።

ሁለት ምግብ

ፒክአፗ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ሂሉክስ ናት፤ ሞተሯ ሦስት ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር። ተርቦ የለውም፣ ኮምፒዩተር የለውም። እንደማንኛውም ናፍጣ ሞተር ካንዴላ እሳት አይሰጠውም፤ በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ያሉት ካንዴላዎች በብርድ ጠዋት ለማስነሳት ብቻ የሚግሉ ናቸው። ሲሊንደሩ አየርን ወደ 22 እጥፍ አምቆ ያግለዋል፤ በዚያ ግለት ላይ ናፍጣ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። አየርና ናፍጣ በጊዜያቸው ከደረሱ ይሠራል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ይደክማል። ሌላ ምስጢር የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1897 ሩዶልፍ ዲዝል በጀርመኗ አውግስቡርግ የፈተነው ሞተር ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚነፋው በታመቀ አየር ነበር። ለዚያ የራሱ ከባድ ኮምፕሬሰር ስለሚያስፈልገው መኪና ላይ የሚሆን አልነበረም። ናፍጣን ያለ አየር እገዛ በራሱ ግፊት የሚረጭ ፖምፓ የቦሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ነው ዲዝል በጭነት መኪናዎች ላይ በሰፊው የተስፋፋው። በአሮጌዎቹ ሂሉክሶች ላይ ያለው ክብ ፖምፓም የዚያው ቤት ንድፍ ልጅ ነው። አንድ ፕለንጀር እየተሽከረከረ ለአራቱም ሲሊንደር በተራ ያድላል። የፕለንጀሩና የቤቱ ክፍተት ከሰው ጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው፤ በማይክሮን ነው የሚለካው። ለዚህ ነው ያለ በቂ ምክንያት መከፈት የሌለበት። አቧራ በሞላበት ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ፖምፓ ሲገባ ከነበረበት ብሶ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ጭሱ። ናፍጣ ገብቶ አየር ካጠረው ያልነደደው ካርቦን ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። አየር ሞልቶ ናፍጣ ካጠረ ግን የሚጨስ ነገር የለም፤ ሞተሩ በንጹሕ ጭስ ይደክማል። ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ ደግሞ ናፍጣው ገብቶ በወጉ ሳይነድ መውጣቱን ይናገራል፤ ናፍጣው ውስጥ አየር ሲቀላቀል፣ የመርጫው ሰዓት ሲዛባ ወይም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የሚታይ ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ሲጠፋ ጭሱን በኋላ ማያ መስታወት ማየት ብዙ ገንዘብ ያድናል። የዚህች መኪና ጭስ በድካም ሰዓት ንጹሕ ነበር። እንግዲህ አየር ማጣሪያውን፣ ፒስቶኑን፣ ቴስታታውን ትተን ናፍጣ የሚመጣበትን መንገድ መከተል ነበረብን።

ስትሮውና ቀዳዳው

አሮጌው ሂሉክስ ታንክ ውስጥ ናፍጣ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፖምፓ የለውም። ናፍጣው ከታንኩ ተነስቶ በቧንቧና በጎማ ቱቦ፣ በፊልትሮው በኩል እስከ ፖምፓው የሚመጣው ፖምፓው ራሱ እየሳበው ነው። ለስላሳ በስትሮው እንደምንጠጣው ማለት ነው። «መሳብ» የምንለው ነገር ደግሞ በሌላ ዓይን ሲታይ መገፋት ነው፤ አፋችን ውስጥ ያለውን ግፊት ስንቀንስ፣ በጠርሙሱ ላይ ያለው ከባቢ አየር ለስላሳውን ወደ ላይ ይገፋልናል። ሐይቁ ዳር፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ይህ ገፊ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 83 ከመቶ ያህል ነው። አርሲ ነገሌ፣ 2,000 ሜትር ላይ፣ ወደ 79 ከመቶ ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 76። ቧንቧው ንጹሕ ከሆነ ይህ ልዩነት አይሰማም። ቧንቧው ግማሽ ከተዘጋ ግን ዳገቱ፣ ጭነቱና ከፍታው በአንድ ላይ ይመጡበታል።

ስትሮው ሁለት ዓይነት ሕመም አለው፤ መቀደድና መደፈን። ሁለቱም ጉልበት ያጠፋሉ፣ ምልክታቸው ግን ይለያያል።

የተቀደደ ስትሮው ለስላሳውን አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። የናፍጣ ቱቦም እንዲሁ ነው። ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መንገድ ላይ ጎማው ቢሰነጠቅ ወይም ፋሸታው ቢላላ፣ ሞተሩ ሲሠራ አንዲት ጠብታ ላትታይ ትችላለች። ብዙ ሰው ሥሯ ገብቶ «ምንም አያንጠባጥብም» ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ምልክቱ ጠዋት ላይ ነው፤ ሌሊቱን አየር በቀዳዳው ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንክ ስለሚመለስ መኪናዋ ብዙ ሳትሽከረከር አትነሳም፣ ከተነሳችም በኋላ ትንሽ ታስላለች። ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን በእጅ የሚጫን ፖምፓ ደጋግመው ሲጫኑት ወዲያው ከተነሳች ጥርጣሬው ይጠነክራል። ማረጋገጫው ርካሽ ነው። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ አውጥቶ፣ ናፍጣን የሚችል፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቱቦ በቦታው መግጠም። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ አየር እየገባ ነው።

የተደፈነ ስትሮው ደግሞ ጠዋት አያስቸግርም። ቀስ ብለው ከጠጡበት ይሠራል፤ በኃይል ሲስቡበት ይዘጋል። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ የምትጠጣው ትንሽ ስለሆነ ይደርሳታል። ተጭና ዳገት ስትወጣ ጥማቷ ይጨምራል፣ ቧንቧው ግን የሚሰጣት ያንኑ ነው። የሰውዬው ታሪክ ከዚህኛው ጋር ነበር የገጠመው።

ያም ሆኖ መገመት ማወቅ አይደለም። በቅድሚያ ቀላሉን፣ የታንኩን ክዳን ሞከርን። ናፍጣ ከታንክ ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። መግቢያው በአቧራ ወይም በጭቃ ከተደፈነ ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርድና ፖምፓውን ይታገለዋል። መኪናዋ በደከመችበት ቅጽበት ቆሞ ክዳኑን መክፈት ነው፤ አየር «ፍስስ» ብሎ ወደ ውስጥ ከገባና ጉልበቷ ወዲያው ከተመለሰ በሽታው ተገኘ። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ስትደክም ከፈትነው። ድምፅ የለም፣ ለውጥም የለም።

ቀጥሎ ያንን ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ገጠምን። ነዳጅ ሳይረገጥ ስትሠራ ጥርት ያለ ናፍጣ ያለ አንድ አረፋ ይፈሳል። ዳገቱን እንደገና ጀምረን እንደደከመች ሞተሩን ሳናጠፋ ኮፈኑን ከፈትን። ቱቦው ሁለት ጣት እንደቆነጠጠው ጠፍጣፋ ሆኗል። ባለመኪናው ጎንበስ ብሎ አየውና ዝም አለ። ስድስት ወር ሙሉ ሲፈልገው የነበረው ነገር ዓይኑ ሥር ነበር፤ ፖምፓው በሙሉ ኃይሉ ይስባል፣ ከኋላ ያለ አንድ ነገር ይከለክለዋል። ሞተሩን ስናጠፋ ቱቦው ቀስ እያለ ተነፋና ወደ ቅርጹ ተመለሰ።

ይህን ካየን በኋላ አንድ ፈተና ቀረ፤ ታንኩንና ቧንቧውን ጨርሶ ከጨዋታ ማውጣት። ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከካቢናው ጀርባ ጭነቱ ላይ በገመድ አሰርን። ከእሱ አንድ ቱቦ ወደ ፊልትሮው አስገባን፤ ከፖምፓው የሚመለሰውንም ወደ ጀሪካኑ መለስን። ተመላሹን መርሳት የተለመደ ስህተት ነው፤ ይህ ፖምፓ ከሚያቃጥለው በላይ ናፍጣ እያዞረ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ተመላሹ ወደ ታንክ ከሄደ ጀሪካኑ ሳይታሰብ ባዶ ይሆናል። ቱቦዎቹ ከጭስ ማውጫው እንዲርቁ በጥንቃቄ አሰርናቸው። ከዚያ ስምንቱን ኩንታል እንደጫነች ወደ አርሲ ነገሌ ተነሳን። ሳትደክም ወጣች። ፖምፓው፣ ፊልትሮው፣ ኖዝሎቹና ሞተሩ በአንድ ጉዞ ከክሱ ነጻ ወጡ።

ታንኩ ውስጥ የነበረው

ታንኩ በማግስቱ ወረደ። ከሥሩ ጥቁር አተላ ያለው ውሃ ወጣ፤ ከዚያ ጋር መዳፍ የምታህል የፌስታል ቁራጭ።

የጀሪካን ክዳን እንዳያፈስ ከሥሩ ፌስታል አድርጎ ማጥበቅ አገር ያወቀው ልማድ ነው። ፌስታሉ በክዳኑ ጥርስ ይቆረጥና ሲቀዳ አብሮ ይወርዳል። ውሃ ላይ ቢሆን በተንሳፈፈ ነበር። ናፍጣ ግን ከውሃ ይቀላል፣ አንድ ሊትሩ 840 ግራም ያህል ነው፤ ፌስታል የሚሠራበት ፕላስቲክ ከ900 ግራም በላይ። ስለዚህ ናፍጣ ውስጥ ይሰምጣል፣ ከታንኩ ወለል ላይ፣ ልክ መሳቢያው ቧንቧ አፍ አጠገብ ይተኛል። ሞተሩ በቀስታ ሲጠጣ ዝም ይላል። ዳገት ላይ ፍሰቱ ሲጠነክር ይነሳና የመሳቢያው ወንፊት ላይ ይለጠፋል። ከተለጠፈ በኋላ መሳቡ ራሱ አጥብቆ ይይዘዋል። ሞተር ሲጠፋ መሳቡ ይቆማል፣ ፌስታሉ በደቂቃዎች ውስጥ ለቆ ይወድቃል። ግራሩ ሥር ይወጣላት የነበረው ድካም ይኸው ነው።

ውሃውና አተላውም ቢሆን ለብቻቸው ያንኑ ያደርጉ ነበር። ከመቂ እስከ ባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም ከሚያለማው ገበሬ ብዙው የናፍጣ ውሃ መሳቢያ ሞተር አለው፤ ናፍጣው በበርሜልና በጀሪካን ይጓዛል፣ ማሳ ዳር ይቀመጣል። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ ደግሞ ከማደያ ይልቅ ከጀሪካን የሚቀዳው ይበዛል። ግማሽ የሆነ በርሜል ቀን በፀሐይ ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር እርጥበቱን በግድግዳው ላይ ያላብና ወደ ታች ያወርዳል። ውሃው ከናፍጣው ሥር ይተኛል። ናፍጣና ውሃ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ናፍጣን የሚበላ ሻጋታና ባክቴሪያ ይራባል፤ የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ይስማማዋል። ጥቁሩ አተላ እሱ ነው። ፊልትሮ ሦስት ጊዜ መቀየር የማይፈይደውም ለዚህ ነው፤ ምንጩ ከፊልትሮው በፊት ነው ያለው።

በጀሪካን የሚቀዳ ሰው ጀሪካኑን ሌሊቱን ሳያንቀሳቅስ ያስቀምጠው፣ ጠዋት ከላይ ቀስ ብሎ ያንቆርቁር፣ የመጨረሻዋን አንድ ሊትር ይተዋት። ፊልትሮው ሥር ያለውን የውሃ ማፍሰሻም በየሳምንቱ ፈታ አድርጎ በጠርሙስ ማየት ነው። ከታች የተለየ ነገር ከተቀመጠ ውሃ ነው። ባለመኪናው አሁን ሁለቱንም ያደርጋል፤ ፌስታሉን ትቶ ለክዳኑ የጎማ ቀለበት ገዝቷል።

ጭሱ ጥቁር ሲሆን

የሌላ ሰው መኪና ግን ዳገት ላይ ጥቁር እየተፋች ልትደክም ትችላለች። ያኔ መንገዱ ወደ አየር ነው።

የአየሩን መጠን ሰው አይገምተውም። አንድ ሊትር ናፍጣ እንዲነድ ቢያንስ 12 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ላንጋኖ ላይ ያ 12,000 ሊትር ያህል ነው። ባለ 2.8 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በየደቂቃው 4,000 ሊትር አየር ይውጣል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መንገድ ላይ ያለው አቧራ ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሌላ መኪና ተከትሎ አሥር ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው የአየር ማጣሪያውን፣ መካኒኮች ዴፕራተር የሚሉትን፣ ቢያወጣው አመድ የተነፋበት ይመስላል። ማራገፍ ይቻላል፤ በኮምፕሬሰር ከቅርብ በኃይል መንፋት ግን ወረቀቱን ይበሳዋል። ከዚያ በኋላ ማጣሪያው ንጹሕ ይመስላል፣ ሞተሩ አሸዋ ይበላል። «ትንፋሽ እንድታገኝ» ብሎ ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ደግሞ ሞተሩን በወራት መግደል ነው።

የሚመጣና የሚሄድ ጥቁር ጭስ ካለ ማጣሪያውን ከሞተሩ የሚያገናኘውን ትልቁን ጎማ በእጅ መጨመቅ ይገባል። ያረጀ ጎማ ውስጡ ይላቀቅና ቆሞ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሞተሩ በኃይል ሲስብ ግን ወደ ውስጥ ይጠባል። አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ እያየ ሌላው ነዳጅ ሲረግጥ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። መኪና ሲደክም «ናፍጣ ጨምርላት» ብሎ የፖምፓውን ቡሎን የሚያዞር መካኒክ አለ። አየር ባጠረው ሞተር ላይ ናፍጣ መጨመር ጭስና ሙቀት መጨመር ነው። ያ ሙቀት ቴስታታ ይሰነጥቃል። ከፍታው ራሱ ተርቦ ከሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር ከመቶ ያህል ጉልበት ይወስዳል፤ ይህ በሽታ አይደለም፣ ሁልጊዜ ያለ ነው፣ በቡሎን አይድንም።

ሞተሩ ያልበደለባቸው

ቁልፍ እንደተዘጋባት ድንገት ድርግም የምትል መኪና ከላይ ካልኩት ሁሉ የተለየች ናት። አሮጌ ናፍጣ ሞተር እንዲሠራ የሚያስፈልገው አንዲት ሽቦ ብቻ ናት፤ ፖምፓው ላይ ወዳለችው ናፍጣ መዝጊያ የምትሄደው። ያቺ ሽቦ ከላላች ወይም ከዛገች ኮረኮንች ላይ ናፍጣው ይቋረጣል፣ ወዲያው ይመለሳል። ሞተሩ እየሠራ ሽቦዋን መነካካት ይበቃል።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ የማትሄድ ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ መኪናዋ እንደታሰረች የምትከብድ ከሆነ ፍሬን ይዟል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞጆ ከወረዱ በኋላ ቆመው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጀውን ያገኙታል። አይንኩት። ነዳጅ መስጫው ሥር የታጠፈ ምንጣፍ ፔዳሉን ከግማሽ መንገድ የሚያስቀር መሆኑንም ማየት ነው። ረዳት ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥ፣ እርስዎ ፖምፓው ላይ ያለው እጅ እስከ መጨረሻው መድረሱን ይመልከቱ። ምንም አያስከፍልም።

ሙቀት የራሱ ነገር አለው። ናፍጣ ሲግል ይቀጥናል፤ ውስጡ ያለቀ ፖምፓ ቀጭን ናፍጣ ያመልጠዋል። የዚህ ምልክት ግሎ ከቆመ በኋላ አልነሳም ማለት ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ለጥቂት ጊዜ አልብሶ ሲቀዘቅዝ ከተነሳች፣ ያኔ ፖምፓውን ማውረድ ተገቢ ነው። በጋለ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ያን ጠባብ ክፍተት ሊያስይዘው ይችላል።

ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ያሉት ሂሉክሶች፣ ሰው ቪጎ የሚላቸው፣ አሁን እነሱም አርጅተዋል። በብዙዎቹ ላይ ናፍጣው ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት ይጓዛል፣ ኮምፒዩተርም ይቆጣጠረዋል። ጉልበት ሲያጡ አብዛኛውን ጊዜ መብራት ያበራሉ፣ ምክንያቱንም በኮድ ይመዘግባሉ። ኮዱን ያላነበበ ሰው እጁን አያስገባ። የእነዚህን ቧንቧ ሞተር እየሠራ መፍታት ወይም የሚረጨውን በእጅ መዳሰስ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ የሚገባ አደጋ ነው።

ያም ሆኖ ወንፊት፣ ውሃ፣ ክዳንና ጎማ ቪጎም ላይ አሉ። ጥያቄውም ያው ነው። ባለመኪና የሆኑ፣ ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት መኪናዎ የደከመችባቸውን የመጨረሻ ሦስት ጊዜያት ይጻፉ፤ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ፣ ስንት ጭና፣ ታንኩ ስንት ሆኖ፣ ጭሷ ምን መስሎ። መካኒክ የሆኑ ደግሞ፣ ፖምፓውን ከመፍታትዎ በፊት ከባለመኪናው ጎን ይቀመጡና፣ መኪናዋ ጭነቱን እንደጫነች የምትደክምበትን ዳገት አብረው አንድ ጊዜ ይውጡ።